ሲቲ ያዘዝኩት እኔ ነኝ

ጽሑፉ ረዘም ይላል። መብራት ካለና ኔትወርክ ከፈቀደ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ስለ ነስር ነው። «መምህር ደግሞ ወሬ አለቀበት» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለእኔ ግን ቀላል ነገር አይደለም። በነስር ምክንያት የሰው ወይፈን አስሸጥቻለሁ፤ አንድ ልጅም ለጥቂት ነው የተረፈው። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። የሳንጃን መጋቢት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የክፍሉ ቆርቆሮ ምጣድ ይሆናል፤ አየሩ ደርቆ ከንፈር ይሰነጥቃል። 10ኛ ክፍል እያስተማርኩ አንዱ ተማሪዬ ደብተሩ ላይ እንዳቀረቀረ ደም ጠብ ጠብ አለበት። ልጆቹ ተንጫጩ። እኔም ሮጬ አገጩን ቀና አደረግኩና «ወደ ላይ እይ! ወደ ላይ!» አልኩት። አንዷ ተማሪ ውሃ አመጣች፣ አናቱ ላይ አፈሰስንበት። ልጁ ደሙን ዋጠው፤ ቆየት ብሎ አስታወከው። እንግዲህ የባዮሎጂ መምህር ነኝ!

በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ነሰረው። አባቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ግቢው ዛፍ ሥር ቆመን «መምህር፣ መቼም አንተ ተምረሃል፤ ምን ይሻለኛል?» አሉኝ። ማታ ማታም እንደሚያተኩሰው ነገሩኝ። ይቺን ልብ በሉልኝ፤ ነግረውኛል።

እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ «አባባ፣ እዚህ ጊዜዎን አያባክኑ። ራስ ነገር አያስቀልድም። ጎንደር ይውሰዱትና ሲቲ ይነሳ» አልኳቸው። ሐኪም ሳያየው ምርመራ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሰውየው አመስግነውኝ ሄዱ።

ወይፈኑ ተሸጠ። ትክል ድንጋይን አልፈው ጎንደር ገቡ፣ ሲቲ የሚነሳበት ቦታ አፈላልገው ከፈሉ፣ ልጁም ተነሳ። ውጤቱ «ጭንቅላቱ ደህና ነው፤ የሳይነሱ ሽፋን ወፈር ብሏል» የሚል ነበር። የሳይነስ መድኃኒት ተሰጠውና ተመለሰ። ሁላችንም «እሰይ፣ ምንም የለበትም» አልን። እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ እንኳን ደህና መጣህ ብዬ አስጨበጨብኩለት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጁ ዓይናችን እያየ ከሳ። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠለጠለ፤ ሆዱ ግን ወደፊት ገፋ አለ። ነስሩም ተመለሰ፣ አሁን ድዱም መድማት ጀመረ። በመጨረሻ ያገኘችው እዚሁ የምትሠራ አንዲት ነርስ ነች። የጠየቀችው ሁለት ጥያቄ ነው። ትኩሳቱ ከጀመረህ ስንት ጊዜህ ነው? ባለፈው ክረምት የት ነበርክ? ከዚያ አልጋ ላይ አስተኝታ በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ በታች በእጇ ዳሰሰችው። ጣፊያው እስከ እምብርቱ ደርሷል።

ክረምቱን የነበረው አብደራፊ ነው፤ መጀመሪያ ለሰሊጥ አረም፣ ቀጥሎ ለአጨዳ። እዚያ ደግሞ ሠራተኛው ሌሊቱን የሚያድረው ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀ ዋልካ አፈር ላይ ነው። ከጣቱ ጫፍ ደም ተወስዶ በፈጣን መመርመሪያው ሲታይ ካላዛር ሆነ።

የሚያቃጥለኝ ምን መሰላችሁ? ልጁ ትምህርት የጀመረው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነበር። የዘገየበትን ምክንያት መዝገቡ ላይ በገዛ እጄ «ሰሊጥ አጨዳ» ብዬ ጽፌዋለሁ። ትኩሳቱን አባቱ ነግረውኛል፣ የሄደበትን አገር እኔው መዝግቤዋለሁ፣ ነስሩን በዓይኔ አይቻለሁ። ሦስቱም እጄ ላይ ነበሩ፤ እኔ ግን ሲቲ አልኩ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ሳነብና የሚያውቁትን ስጠይቅ ከረምኩ። የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ከመሃላችሁ ሐኪምና ነርስ የሆናችሁ ተማሪዎቼ የተሳሳትኩትን አርሙኝ።

መጀመሪያ ተራውን ነስር እንይ። ከ10 ሰው 6ቱ ያህል በዕድሜው አንድ ጊዜ ይነስረዋል፤ አብዛኛው ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ያልፍለታል። ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ ፊት ለፊቱ ላይ ከተለያየ አቅጣጫ የመጡ ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚገናኙባት ቦታ አለች፤ የኪሰልባክ ሥፍራ ትባላለች። ከ10 ነስር 9 ያህሉ የሚነሳው ከዚያች ከሳንቲም የማትሰፋ ቦታ ነው። አየሩ ሲደርቅ፣ ጉንፋን ሲይዝ፣ ጣት ሲገባ (ልጆች ሆይ!) ሽፋኗ ይሰነጠቃል፣ ትደማለች።

ይቺን ስንጥቅ ሲቲ አያያትም። ሲቲ አጥንትን፣ የሳይነስ ክፍተቶችን፣ እብጠትንና ስብራትን ነው የሚያሳየው። የተሰነጠቀ ስስ ሽፋን የሚታየው ሰው በብርሃንና በአፍንጫ መክፈቻ ሲያየው ነው። ይባስ ብሎ፣ ደም ሳይነስ ውስጥ ገብቶ ሲረጋ ፎቶው ላይ በሽታ ሊመስል ይችላል። ምንም ያላመመው ሰው ሲነሳም የሳይነስ ሽፋን ወፍሮ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። የእኔ ተማሪ የሆነው ይኸው ነው። ፎቶው አልዋሸም፤ ያሳየን ግን ያልጠየቅነውን ነገር ነው። እኛም እሱን ይዘን ልጁን ለሳምንታት በሳይነስ መድኃኒት አቆየነው።

ጨረሩም አለ። አንድ የራስ ሲቲ በአማካይ 2 ሚሊሲቨርት ገደማ ጨረር ይሰጣል፤ ከአፈሩና ከሰማዩ እንዲሁ በተፈጥሮ በብዙ ወራት የምንቀበለውን ያህል ማለት ነው። ለሚያስፈልገው ሰው ይህ ኢምንት ነው፣ አትፍሩ። ለማያስፈልገው ልጅ ግን በወይፈን ዋጋ የሚገዛ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛችን ፎቶ እንደምንነሳው ራጅም «እንነሳለን»፣ ሲቲም «እንነሳለን»። እኔ የቃሉ ጥፋት ይመስለኛል። ፎቶ ቤት ገብተህ ቀጥ ብለህ ከቆምክ ካሜራው ሁሉን ያወጣዋል፤ ጠባሳህንም፣ የተቀደደ ኮሌታህንም። ሕዝባችን ማሽኑንም እንደዚያ ነው የሚያስበው። «ተነስቼ ምንም አልተገኘብኝም» ሲል ጤነኛ ነኝ ማለቱ ነው። የልጁ ሲቲ ከአንገት በላይ ነበር፤ በሽታው ጣፊያው ውስጥ፣ መቅኔው ውስጥ ነበር። ካላዛር ደምን የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች ያሳንሳል፤ አፍንጫ የሚደማው ለዚህ ነው። አፍንጫው በሩ እንጂ ቤቱ አልነበረም።

በአንድ ከተማ የራጅ ክፍል ውስጥ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። ታሪኩን ስነግረው ሳቀ፤ የምሬት ሳቅ ነው። «መምህር፣ የምርመራ ማዘዣው ላይ ‹ነስር› ተብሎ ብቻ ይመጣል። ከየትኛው ቀዳዳ? ከስንት ጊዜ ጀምሮ? ወድቋል ወይ? አፍንጫው ተዘግቷል ወይ? ምንም የለም። እኛ ምን ፈልገን እንይለት?» አለኝ። ይሄ ንግግሩ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ፈተና ላይ ጥያቄ ሳይጻፍ መልስ ብቻ እንደመጠየቅ ነው።

አንዳንዱ አንባቢ አሁን «እንግዲህ መምህር ሲቲ አያስፈልግም እያለን ነው» ሊል ነው። አላልኩም! የተገላቢጦሹን ስህተትም በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዓመታት በፊት ሌላ ልጅ ነበር፣ ዕድሜው 15 ቢሆን ነው። ነስሩ ሁልጊዜ ከቀኝ ቀዳዳው ብቻ ነው፤ እሱም በኃይል። ቀኙ አፍንጫው ተዘግቶ በአፉ ነበር የሚተነፍሰው፣ ድምፁም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሆኖ ነበር። ሁላችንም «ሙቀት ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» እያልን ሁለት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ አንድ የአንገት በላይ ሐኪም ሲያየው ገና ታሪኩን ሰምቶ ሳይጨርስ በመድኃኒት የታገዘ ሲቲ አዘዘ። ከአፍንጫው ጀርባ እጢ ተገኘ። ይህ ዓይነቱ እጢ የሚይዘው ከሞላ ጎደል በጉርምስና ላይ ያሉ ወንዶችን ነው። ካንሰር አይደለም፤ ነገር ግን ከደም ሥር የተሠራ ነውና ሐኪሙ ሳያውቅ ለምርመራ ብሎ ቆንጠር ቢያደርገው ደሙን ማቆም ከባድ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ፎቶው ይቀድማል፣ ቢላው ይከተላል። የት እንደጀመረ፣ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንጎል መጠጋቱን፣ ከየትኛው የደም ሥር እንደሚጠጣ የሚነግረው ሲቲና ኤም አር አይ ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት መጋቢ ደም ሥሩን በቀጭን ቱቦ ገብተው የሚደፍኑበት ዘዴም አለ፤ ያም የሚሠራው በምስል እየተመሩ ነው።

ስለዚህ ነስሩ ከአንድ ቀዳዳ ብቻ እየተመላለሰ ያም ቀዳዳ ከተዘጋ፣ ጉንጭ ካበጠ ወይም ከደነዘዘ፣ ዓይን ወደ ውጭ ከገፋ፣ አንገት ላይ እብጠት ከወጣ፣ እዚያ ላይ ወይፈን መሸጥም ካለ ይሸጥ። ከመኪና ወይም ከፈረስ ወድቆ፣ ፊቱን በዱላ ተመትቶ የደማም እንዲሁ። በተለይ ራሱን ክፉኛ የተመታ ሰው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ድንገት በኃይል ከነሰረው አትዘናጉ፤ ውስጥ የተጎዳ ትልቅ የደም ሥር ሊኖር ይችላል። ይህ የደም ሥር ምርመራ የሚጠይቅ አደጋ ነው።

ደግሞ ርካሹ ራጅ ብልጫ የሚያሳይበት ጊዜ አለ። የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃን ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ፈሳሽና ደም ሲወርደው ብዙውን ጊዜ ሽምብራ፣ ዶቃ ወይም ስፖንጅ ከቶ ነው። የከተተው ግን ያቺ ክብ የሰዓት ባትሪ ከሆነች ጊዜ የለም፤ በሰዓታት ውስጥ የአፍንጫውን ግድግዳ ታቃጥላለች። ባትሪ ራጅ ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች። አሁን በየገበያው ያለው የልጆች መጫወቻና ትንንሽ ባትሪ መብራት ሁሉ እሷን ነው የያዘው። እባካችሁ አሮጌውን ባትሪ ልጅ ከሚደርስበት አርቁ።

አሁን ወደ እኛ አገር ወደ ሳንጃ ልመልሳችሁ። የእኛ ነስር ከሎንደንና ከዋሽንግተን ነስር ይለያል። እዚያ የተጻፈ መመሪያ ሰውየው የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዳል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ትክክል ነው። እኛ ዘንድ ግን ከዚያ ሌላ መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ።

አንዱ ካላዛር ነው። ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይገድላል፤ ከታወቀ ግን መድኃኒት አለው። ልጁ 17 ቀን መርፌ ተወግቶ ነው የዳነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ለዚህ በሽታ ተብሎ የተቋቋመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ። አስቡት፤ ወይፈኑ ተሸጦ የሄድነው እዚያው ጎንደር ነበር፣ ግን ወደተሳሳተው በር። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ የሆነውንም አስታውሱ። ሰዉ ሲያልቅ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ካላዛር ቆላ ብቻ ነው ያለው ተብሎ ስለታሰበ ደጋ ላይ የጠረጠረው አልነበረም። ሲታወቅም የታወቀው በማሽን ፎቶ አይደለም።

ሌላው ቢልሃርዚያ ነው። የሳንጃ ወንዝ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ አጥኚዎች ትምህርት ቤቶቻችን ድረስ እየመጡ የልጆቹን ሰገራ መርምረው ብዙዎቹ ላይ አግኝተውታል። ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ቢልሃርዚያ ጉበት ላይ ጠባሳ ይጥላል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ያም ፕሌትሌትን ያሳንሳል፤ ሰውየው ይነስረዋል፣ ሲብስም ደም ያስታውከዋል። እንዲህ ላለው ሰው የሚያስፈልገው ምስል የሆድ አልትራሳውንድ ነው። አፍንጫው እየደማ ሆዱ ላይ ቅባት ሲቀቡት «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» አትበሉ።

ሦስተኛው አልቅት ነው። ያልታጠረ ምንጭና ኩሬ የሚጠጣ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ትንሽ ሆኖ ከውሃው ጋር ይገባና አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ይጣበቃል፤ ምራቁ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ ስለዚህ ጠብታው አያቋርጥም። አያቴ ጥጃዋ ሲነስራት ውሃ በገበቴ አምጥተው አፍንጫዋ ሥር ይዘው ይጠብቁ ነበር፤ ውሃ ሲሸተው ብቅ ይላል ብለው። ሰው ላይ ግን ባለሙያ በብርሃን አይቶ በመቆንጠጫ ያውጣው፤ ራሳችሁ እንዳትጎትቱት።

ከሦስቱ አንዱንም የራስ ሲቲ አያገኘውም።

አቋሜ ይህ ነው። «ሲቲ ይግባልን» የሚለው ጩኸት ክፋት የለውም፣ ሲገባ እኔም እልል እላለሁ። ከዚያ በፊት ግን በየጤና ተቋማችን የግንባር መብራት፣ የአፍንጫ መክፈቻ፣ የሚደማውን ቦታ የሚያቃጥሉበት የብር ናይትሬት እንጨት፣ የማይበላሽ የደም መቁጠሪያና የማያልቅ የካላዛር መመርመሪያ ይኑር። ሁሉም ተደምሮ የሲቲን ማሽን አንድ ጥግ አይገዛም። ፎቶ የሚነሳላት ስላልሆነች ነው መሰለኝ፣ ለአፍንጫ መክፈቻ ሪባን ሲቆረጥ አይቼ አላውቅም።

ሕዝቡንም አልወቅስም። ስንት ጊዜ ሄዶ ሳይዳሰስ፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳይታይ በሕመም ማስታገሻ ተሸኝቷል? ሰው ማሽን የሚጠይቀው ማሽኑ አይሰለቸውም፣ አያመናጭቀውም ብሎ ነው። ነርሷ ልጁን አስተኝታ ስትዳስሰው አባቱ ያሉት «እስካሁን እጁን ያሳረፈበት ሰው አልነበረም» ነው።

የነስር አያያዙን ሳልነግራችሁ እንዳልቀር። አስቀምጡት፤ ወደ ፊት ዘንበል ይበል፣ ወደ ኋላ አይደለም፤ ደሙ ወደ ጉሮሮ ወርዶ ያስታውከዋል፣ ሊያንቀውም ይችላል። የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል፣ ከአጥንቱ በታች ያለውን፣ በሁለት ጣት ግጥም አድርጎ ይያዝ፣ በአፉ ይተንፍስ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች መመሪያ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይላል፤ 10ና 15 የሚሉም አሉ። በየመሃሉ «ቆመ እንዴ?» እያላችሁ አትልቀቁት! በዚህ ሁሉ ካልቆመ፣ ወይም ልጁ ከገረጣና ካዞረው፣ ወደ ጤና ተቋም።

ልጁ ድኗል። ፈተናው ስላለፈው ዘንድሮ 10ኛን እየደገመ ነው፤ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። አባቱ ስለ ወይፈኑ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም፤ ይህ ከወቀሳ ይብሳል።

በቀደም ገበያ ላይ አገኘኋቸውና ሰላምታ ሳንጨርስ «መምህር፣ ደግሞ ታናሽየውን ነሰረው። ልሽጥ እንዴ?» አሉኝ፤ እየሳቁ ነው፣ ግን ግማሹ እውነት ነው።

«ያተኩሰዋል?» አልኳቸው።

«ኧረ እንደ ጥጃ እየዘለለ ነው።»

«ክረምቱን ወጥቶ ነበር?»

«ከብት ሲጠብቅ ነው የከረመው፣ እዚሁ።»

«ከየትኛው ቀዳዳ ነው?»

አሰቡ። «ከግራው። ሁሌም ከግራው ነው መሰለኝ።»

«ውሃ ከየት ነው የሚጠጣው?»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ «ወይ ጉድ! አልቅት!» አሉ። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወስደው በብርሃን እንዲያሳዩት ተነጋግረን ተለያየን።